ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር የመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች፦ ጎጃም ውስጥ ቴራፒ የሚጀምር ሰው ምን ይጠብቀዋል?

ጎጃም ውስጥ የተጨነቀ ሰው የሚያንኳኳቸው ደጆች የታወቁ ናቸው። የንስሐ አባቱ ጋ ይሄዳል፣ ጠበል ይጠመቃል፣ ነገሩ የትዳር ከሆነ ሽማግሌ ይልካል፣ እንቅልፍ ካጣ ወይም ራሱን ካመመው ጤና ጣቢያ ገብቶ ክኒን ይቀበላል። ከእያንዳንዱ ደጅ የሚጨበጥ ነገር ይዞ ይመለሳል፦ ቀኖና፣ ጠበል፣ የሽማግሌ ውሳኔ፣ መድኃኒት። ወደ ግል የሥነ ልቦና ባለሙያ የሄደ ሰው ግን ከመጀመሪያው ቀጠሮ ሲወጣ በእጁ ምንም የለም። ሃምሳ ደቂቃ ያህል ተጠየቀ፣ ተናገረ፣ ከፈለ፣ "በሚቀጥለው ሳምንት እንገናኝ" ተባለ። ብዙ ሰው "ታዲያ ምን አደረጉልኝ?" ብሎ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ይቀራል።

እነዚህ ሰዎች የሚቀሩት ምን እንደሚጠብቃቸው ቀድሞ የነገራቸው ሰው ስለሌለ ነው ብዬ አምናለሁ። ባለሙያዎቹም ሁልጊዜ አያስረዱም፤ ሥራው የዕለት ተዕለት ሆኖባቸው ለአዲስ ሰው ምን ያህል እንግዳ እንደሆነ ይዘነጉታል። ስለዚህ ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ወይም ከሞጣ ሆኖ በስልክ፣ የመጀመሪያ ቀጠሮውን ሊይዝ ያሰበ ሰው የሚገጥመውን ነገር ከወዲሁ ቢያውቅ ገንዘቡም ድካሙም ከንቱ አይቀርም።

ጉዳዩ ዛሬ የሚያጣድፍበት ምክንያት አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የአማራ ክልል ግጭት ውስጥ ገብቷል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፤ መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ እንደገና ይዘጋል። ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው ልጆች፣ ደጃቸው ላይ ሰው ሲሞት ያዩ እናቶች፣ የታገተ ወንድማቸውን ለማስለቀቅ ጥሪታቸውን የሸጡ ቤተሰቦች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ያደረገው ግምት፣ ባለፉት 10 ዓመታት ግጭት ባለፈባቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ ሰዎች 22 በመቶው፣ ማለትም ከአምስት አንዱ ገደማ፣ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ያሳያል። ከቀላል ድብርትና ጭንቀት እስከ ከባድ ሕመም ያለውን ሁሉ የሚይዝ ቁጥር ነው። በሌላ በኩል አገሪቱ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በራሷ ማሠልጠን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ። ችግሩ በአንድ ክረምት ሲሰፋ ሐኪም ግን በአንድ ክረምት አይደርስም። የግል ባለሙያዎች እየገቡበት ያለው ክፍተት ይህ ነው።

ማን ጋ እየሄዱ ነው?

"የሥነ ልቦና ባለሙያ" ብለን በአንድ ስም የምንጠራቸው ሰዎች ሙያቸው የተለያየ ነው። ሳይካትሪስት ሐኪም ነው፤ በሕክምና ተመርቆ በሥነ አእምሮ ስፔሻላይዝ ያደረገ፣ መድኃኒት የማዘዝ ሥልጣን ያለው። ሳይኮሎጂስት ሥነ ልቦና የተማረ ሲሆን የሚያክመው በንግግርና በልምምድ ነው፤ መድኃኒት አያዝም። የሥነ አእምሮ ነርሶችና በአእምሮ ጤና ማስተርስ የሠሩ የጤና ባለሙያዎችም አሉ፤ በሆስፒታሎቻችን የሥነ አእምሮ ክፍል ብዙውን ጊዜ በሽተኛ የሚያዩት እነሱ ናቸው። ከነዚህ ሌላ አጭር ኮርስ ወስዶ ራሱን "ላይፍ ኮች" ወይም "አማካሪ" የሚል ሰው አለ። የመጨረሻው ሰው መልካም ልብ ሊኖረው ይችላል፤ ነገር ግን ከጦርነት የወጣች፣ ሌሊት እየጮኸች የምትነቃ ሴት በእሱ እጅ መውደቅ የለባትም።

"የትኛውን ትምህርት ተማሩ? የሙያ ፈቃድ አለዎት? እንደኔ ያለ ችግር ያለባቸውን ሰዎች አክመው ያውቃሉ?" ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። እኛ ዘንድ የተማረን ሰው እንዲህ መመርመር እንደ ድፍረት ይቆጠራል፤ ሐኪም ፊት ቆሞ "ማን ነህ?" ማለት የሚከብደው ሰው ብዙ ነው። ይሁንና ጥሩ ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይከፋም፤ የሚከፋ ካለ ያው መከፋቱ ራሱ መልስ ነው።

ሌላው ቀድሞ የሚጠየቅ ነገር ክፍያ ነው። አንድ ሴሽን፣ ማለትም የአንድ ቀጠሮ ቆይታ፣ ስንት ነው? ስንት ደቂቃ ይፈጃል? መንገድ ተዘግቶ ብቀር እከፍላለሁ ወይ? በየሳምንቱ መክፈል ካልቻልኩ በየሁለት ሳምንቱ ይሆናል ወይ? የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያ የያዘ ገበሬ ወይም ነጋዴ አንድ ነገር ልብ ይበል፦ ያ መታወቂያ የሚሠራው በመንግሥት ጤና ተቋማት ነው፤ የግል ቢሮ ላይ ከኪስ ነው የሚከፈለው። አቅም የማይፈቅድለት ሰው ባሕር ዳር በፈለገ ሕይወት ወይም በጥበበ ግዮን፣ ምሥራቅ ጎጃም ከሆነ በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሊታይ ይችላል። ወረፋው ይረዝማል፣ ከባለሙያው ጋር የሚያገኘውም ጊዜ ያጥራል፤ ይህን ማስመሰል አያስፈልግም። ሆኖም ድምፅ ለሚሰማ፣ ሰው ይከተለኛል ለሚል፣ ለቀናት ሳይተኛ በጉልበት ለሚንቀሳቀስ ወይም ምግብ እምቢ ላለ ሰው የግል ቴራፒስት ቢሮ የመጀመሪያው መዳረሻ ሊሆን አይገባም። እሱ ሐኪም ነው የሚያስፈልገው።

የመጀመሪያው ቀን

የመጀመሪያው ቀጠሮ የሚያልቀው በጥያቄ ነው። ምን አመጣዎት? መቼ ጀመረ? እንቅልፍ እንዴት ነው? ምግብ ይበላል ወይ? አረቄ፣ ጠላ፣ ጫት? ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የታይሮይድ ሕመም አለ? ከዚህ በፊት ታክመው ያውቃሉ? ከቤተሰብ እንዲህ ያለ ሕመም የነበረበት ሰው አለ? ማንን ነው በሞት ያጡት? አንዳንዱ ጥያቄ ከመጡበት ጉዳይ ጋር የማይገናኝ ይመስላል፤ ነገር ግን የታይሮይድ ዕጢ ችግርና ደም ማነስ ድብርት መስለው ሊመጡ ይችላሉ፤ ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ ቴራፒውን ከመቀጠሉ በፊት ወደ ላቦራቶሪ ሊልክዎት ይችላል። መጠይቅም ሊሰጥ ይችላል። በብዛት የሚሠራበት አንዱ 9 ጥያቄዎች ያሉት ነው፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስሜትዎ፣ እንቅልፍዎና የምግብ ፍላጎትዎ እንዴት እንደነበረ ይጠይቅና ከ0 እስከ 27 ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ፍርድ አይደለም፤ ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ተሞልቶ ለውጥ መኖሩ የሚታይበት ነው።

እዚህ ላይ የእኛ አነጋገር ችግር ይፈጥራል። ጎጃም የዋሸራ፣ የጎንጅና የዲማ አገር ነው፤ ነገርን በሰም ሸፍኖ መናገር ክብር ሆኖብን ኖሯል። ልጇን ያጣች እናት "ልቤ ተሰበረ" ሳትል "ወገቤን ይቆርጠኛል፣ ራሴን ያቃጥለኛል" ትላለች። ገበሬው "ፈራሁ" አይልም፤ "ልቤን ይመታኛል" ይላል። ልምድ ያለው ባለሙያ ይህን ያውቃል፤ ሰውነት የሚናገረውን እንደ ሐሰት አይቆጥርም፣ ወርቁን ለመስማትም ይታገሣል። ቢሆንም ሰሙን ብቻ ሰጥቶ መውጣት ገንዘብን ማባከን ነው። "በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም" የሚለው ያገራችን ተረት ለዚህ ቤት ከየትም በላይ ይሠራል። ሁሉም ነገር በመጀመሪያው ቀን ይነገር ማለት ግን አይደለም። "አንድ ነገር አለ፣ ዛሬ ግን ልናገረው አልችልም" ማለት ይቻላል። ባለሙያው ያን ያህል መስማቱ ብቻ ይበቃዋል።

ወንዶች ጋ ጉዳዩ ይብሳል። "ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል" እንዲሉ፣ ብዙ ጎጃሜ ወንድ የሆዱን የሚያወጣው ጠላ ቤት ወይም አረቄ ቤት ነው፤ ጠዋት ሲነቃ ደግሞ የተናገረውን ይክዳል። ሳይጠጣ፣ በቀን ብርሃን፣ ከማያውቀው ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ መናገር ለሱ አዲስ ሥራ ነው፤ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ከሴሽኑ በፊት "ድፍረት እንዲሰጠኝ" ብሎ ቀምሶ መግባት ግን የዕለቱን ሥራ ያበላሻል።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ሰው የሚደነግጠው "ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?" ሲባል ነው። አንዳንዱ "ምን ዓይነት ሟርት ነው!" ብሎ ይቆጣል። ባለሙያው የሚጠይቀው ሁሉንም ሰው ነው። መጠየቁ ሐሳቡን በሰው ጭንቅላት እንደማይዘራ በጥናት ታይቷል፤ እንዲያውም ለብቻው ሲሸከመው ለነበረ ሰው እፎይታ ነው። መልሱ "አዎ" ከሆነ ቀጥለው የሚመጡት ጥያቄዎች ቤት ውስጥ ስላለው ነገር ናቸው፦ መሣሪያ አለ ወይ? ፀረ ተባይ ኬሚካል የት ነው የሚቀመጠው? በገጠር ጎጃም ሁለቱም በብዙ ቤት ይገኛሉ። ባለሙያው ጠመንጃው ለጊዜው ታማኝ ዘመድ ዘንድ እንዲቆይ፣ ኬሚካሉም ተቆልፎበት ቁልፉ ሌላ ሰው ጋ እንዲሆን ሊጠይቅ ይችላል። ይህ ንቀት አይደለም። የመሞት ሐሳብ የሚበረታበት ሰዓት ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ በዚያች ሰዓት እጅ የሚደርስበት ነገር አለመኖሩ ሰው ያተርፋል። መሣሪያ ማስቀመጥ ክብር በሆነበት አገር ይህን ጥያቄ በጨዋነት የሚያቀርብ ባለሙያ የሚያደርገውን ያውቃል ማለት ነው።

ምሥጢር፣ በተለይ ሁሉ ሰው በሚተዋወቅበት ከተማ

ባሕር ዳር ሰፊ ናት፤ ቢቸና፣ ደጀን ወይም ዳንግላ ግን የባለሙያው ሚስት የእህትዎ ባልደረባ፣ ራሱ ባለሙያው ደግሞ የእድርዎ አባል ሊሆን ይችላል። ሰው ወደ ቴራፒ እንዳይሄድ የሚያደርገው ትልቁ ፍርሃት ይኸው ይመስለኛል፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም።

ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምሥጢርን ማውጣት ወንጀል አድርጎታል፤ የሕክምና ባለሙያዎችንና ረዳቶቻቸውን፣ ጠበቆችን፣ የሃይማኖት አገልጋዮችን ይጨምራል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን የተለየ ጥበቃ ከሚሹ መረጃዎች አንዱ አድርጎታል። ምሥጢር የሚከፈትባቸው በሮች ጥቂት ናቸው፦ ራስዎን ወይም ሌላ ሰው ለመግደል የተቃረቡ ከሆነ፣ ሕፃን እየተጎዳ ከሆነ፣ ፍርድ ቤት ካዘዘ፣ ወይም እርስዎ ራስዎ ከፈቀዱ። እነዚህን ገደቦች በመጀመሪያው ቀን፣ ወሬው ከመጀመሩ በፊት፣ ባለሙያው ራሱ ሊነግርዎት ይገባል። ካልነገረዎት ይጠይቁት።

ሕግ መኖሩና ሰው መተማመኑ ሁለት ነገር መሆኑን ግን አልክድም፤ በተለይ በዚህ ጊዜ። ወንድሙ ጫካ የገባ፣ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ከሁለቱም ወገን የሚፈራ ሰው "የምናገረው የት ይጻፋል? ማን ያየዋል?" ቢል ልክ ነው። ባለሙያ ማስታወሻ ይይዛል፤ ምን እንደሚይዝ፣ የት እንደሚያስቀምጠው፣ ስም ይጽፍ እንደሆነ መጠየቅ መብት ነው። የደረሰብዎትን ለመናገር የሰው ስም፣ የቀበሌ ስም፣ የየትኛው ወገን ታጣቂ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ቴራፒ የሚፈልገው በእርስዎ ላይ የሆነውንና የተሰማዎትን ነው። "አንድ ዘመዴ"፣ "የመጡት ሰዎች" ብሎ መናገር በቂ ነው፤ ባለሙያ ከዚህ አልፎ ስም እየነቀሰ የሚጠይቅ ከሆነ ለምን እንደሚያስፈልገው ያስረዳዎት።

ባለሙያው ዘመድዎ፣ አለቃዎ ወይም የቅርብ ጎረቤትዎ ከሆነ ደግሞ እሱ ራሱ ወደ ሌላ ሊልክዎት ይገባል። መንገድ ላይ ሲያገኝዎት ሰላምታ ይሰጥ ወይስ እንዳላየ ይለፍ የሚለውንም ቀድመው ይነጋገሩበት፤ በትንሽ ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የሚሸኝ ሰው ይዞ መሄድ ልማዳችን ነው። ሐኪም ቤት ብቻውን የሚሄድ የለም፤ አጎት፣ እህት፣ የጉልት ጎረቤት አብሮ ይገባና በሽተኛው ከመናገሩ በፊት ስለ በሽተኛው ይናገራል። ቴራፒስት ግን ሸኚውን "እባክዎ ውጭ ይጠብቁን" ይላል። አክብሮት ማጣት እንዳይመስል ለሸኚው ቀድሞ ማስረዳት ይጠቅማል። ባሏ ያመጣት ሴት ባሏ ፊት ስለ ባሏ መናገር አትችልም፤ ይህን ለማወቅ ትምህርት አይጠይቅም። ሴት ባለሙያ እፈልጋለሁ ማለትም ይቻላል። የእንጅባራና የአካባቢው አዊዎች ደግሞ ሐዘናቸውን በአውኚ እንጂ በአማርኛ ማውጣት የማይሆንላቸው ከሆነ፣ አውኚ የሚሰማ ባለሙያ መጠየቅ ተገቢ ጥያቄ ነው።

የፆታ ጥቃት የደረሰባት ሴት ከሆነች ከቴራፒው በፊት አስቸኳይ የሆነ ነገር አለ፦ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሆስፒታል፤ ንግግሩ ይደርሳል።

"ታዲያ ምክሩ የታለ?"

ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ሰው የሚሰለቸው እዚህ ነው። ሽማግሌ ግራ ቀኙን ሰምቶ ይፈርዳል፤ የንስሐ አባት "እንዲህ አድርግ" ይላል። ቴራፒስት "እርስዎስ ምን ይመስልዎታል?" ብሎ ይጠይቃል፤ አንዳንዴም ዝም ይላል። ከሰው ጋር ተቀምጦ ዝም መባባል እኛ ዘንድ የለቅሶ ቤት ነገር ነውና ያሳፍራል። ባለሙያው ግን ዝም የሚለው የሚናገረው አጥቶ አይደለም፤ እርስዎ የጀመሩትን ሐሳብ እስኪጨርሱ ቦታ እየለቀቀ ነው።

"ፍቺው"፣ "አትፍታት"፣ "ሥራህን ልቀቅ" የማይልበት ምክንያትም አለ። ውሳኔውን ይዘው የሚኖሩት እርስዎ ነዎት፤ እሱ በሳምንት አንድ ሰዓት ነው የሚያይዎት። ይህ ማለት ግን ምንም አይሰጥም ማለት አይደለም። አሁን በስፋት የሚሠራበት፣ በሐሳብና በድርጊት ላይ የሚያተኩረው ሕክምና ከእጅ የሚገባ ሥራ ይሰጣል። ከግጭቱ ወዲህ ገበያ መውጣት ያቆመ ነጋዴን እንውሰድ። ባለሙያው "አትፍራ" አይለውም። መቼ መቼ እንደሚፈራ፣ በዚያ ሰዓት በአእምሮው ምን እንደሚመላለስ፣ ሰውነቱ ምን እንደሚሆን እንዲመዘግብ ያደርገዋል፤ ቀስ ያለ የአተነፋፈስ ልምምድ ያስተምረዋል፤ ከዚያ አደጋ በሌለበት ቀን እስከ መንደሩ ጫፍ፣ በሳምንቱ እስከ ሱቁ ደጅ እንዲሄድ አብረው ያቅዳሉ። ፍርሃቱ እውነተኛ አደጋን የሚነግረው ከሆነ ደግሞ ያን መለየት የሥራው አካል ነው፤ ተኩስ ባለበት ቀን ቤት መቀመጥ ሕመም አይደለም። የቤት ሥራውን የማይሠራ ሰው ለውጡ ይዘገይበታል፤ በሳምንት ካሉት 168 ሰዓቶች ባለሙያው የሚያገኘው አንዱን ብቻ ነውና።

ስንት ጊዜ ይወስዳል? ለድብርትና ለጭንቀት እንዲህ ያለው ሕክምና በብዛት ከ12 እስከ 20 ሴሽን ይታቀዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ችግር ላይ ላሉ ማኅበረሰቦች ያዘጋጀው አጭር መርሐ ግብር ደግሞ 5 ሴሽን ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ። ከዚህ ተነስቼ የምለው፣ ሦስትና አራት ጊዜ ሳይሞክሩ መተው መቸኮል ነው፤ ስድስትና ሰባት ጊዜ ሄደው አንድም ነገር ካልተነቃነቀ ደግሞ ዝም ብሎ መክፈል አያስፈልግም፤ በግልጽ ይነጋገሩበት።

ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚያውቁት ሌላ ነገር፦ ከመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች በኋላ ሊብስብዎት ይችላል። ለዓመታት የተከደነ ነገር ሲነካ እንቅልፍ ይረበሻል፣ ሕልም ይበዛል፣ እንባ ያለ ቦታው ይመጣል። የመገለ ቁስል ሲጠረግ የሚያመውን ያህል ነው። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ የሚለዝብ ከሆነ የሚጠበቅ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ የማያሠራዎት ከሆነ ግን ባለሙያው ፍጥነቱን መቀነስ አለበት፤ ይንገሩት። ግድያ ያየን ወይም የታገተን ሰው በመጀመሪያው ቀን "ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ" የሚል ባለሙያ ይቸኩላል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ሰውየው አሁን ባለበት ቦታ እንዲረጋጋ፣ ትዝታው ሲጎርፍበት ራሱን የሚመልስበት ዘዴ እንዲኖረው ማድረግ ነው። አስፈሪ ነገር በደረሰ በሳምንቱ እንቅልፍ ማጣትና መደንገጥም ገና ሕመም አልሆኑም፤ ምልክቶቹ ከአንድ ወር በላይ ሲዘልቁ ነው ባለሙያዎች ስም የሚሰጡት። ብዙ ሰው ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ፣ እየበላ፣ እየተኛ፣ ያለ ቴራፒ ይድናል።

እሺታ፣ ጠበልና መድኃኒት

ለታላቅና ለተማረ "እሺ" ማለት ጨዋነት ነው። ቴራፒ ውስጥ ግን የማያምኑበት እሺታ ሥራውን ይገድለዋል። ባለሙያው የተናገረው ካልገባዎት፣ ያሳዘነዎት ነገር ካለ፣ የቤት ሥራውን ያልሠሩት ስላልመሰለዎት ከሆነ ሊነግሩት ይገባል። ከተለያዩ የሕክምና ዘዴዎች ሁሉ ተደጋግሞ የታየው ውጤት፣ በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው መተማመን ለመዳን ትልቅ ድርሻ እንዳለው ነው። ከአንዱ ጋር አልሆን ካለ ሌላ መሞከር የመጀመሪያውን መስደብ አይደለም።

"ቴራፒ ከጀመርክ ጠበሉን ተው" ወይም "ጠበል ከገባህ ክኒኑን ጣል" የሚል ሰው ከሁለቱም ወገን ይገኛል። ሁለቱንም አልቀበልም። ጸሎት፣ ንስሐና ጠበል ሰዉ የኖረባቸው መጽናኛዎች ናቸው፤ ባለሙያ የሚያምኑበትን ሊያከብር ይገባል፣ ሊሰብክዎትም አይገባም። አደጋው ያለው መድኃኒት በማቋረጥ ላይ ነው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር፤ ለአእምሮ ሕመም መድኃኒትም የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። የድብርት መድኃኒት ውጤቱ መታየት የሚጀምረው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው፤ በሳምንቱ "አልሠራም" ብሎ መጣልም፣ ተሻለኝ ብሎ በአንድ ጊዜ ማቆምም ይጎዳል። በዓቢይ ጾም የሚውጡበት ሰዓት ካስቸገረዎት ሐኪሙን ያማክሩ፤ ብዙዎቹን ማታ መውሰድ ይቻላል። ለበሽተኛም ቤተ ክርስቲያን ፈቃድ አላት፤ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ።

በስልክና በቴሌግራም የሚሰጥ ሴሽን መንገድ ለተዘጋበት ሰው በረከት ነው። ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው ብቻ የሚሆኑበት ቦታ ነው፤ በጭቃ ግድግዳ አንዱ ክፍል የተነገረው ሌላው ጋ ይሰማል፤ ስለዚህ ማዳመጫ መጠቀም፣ ወይም ቤተሰብ ገበያ የወጣበትን ሰዓት መምረጥ ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ መስመር ቢቋረጥ ማን ማን ጋ መልሶ እንደሚደውል፣ ኔትወርክ ለቀናት ቢጠፋ ደግሞ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ መስማማት ነው። ከባድ ትዝታ መሐል ላይ ስልኩ ተቋርጦ ብቻውን የቀረ ሰው ምን እንደሚሆን ያየ ባለሙያ ይህን ሳይነጋገር ሥራ አይጀምርም። የጽሑፍ መልእክቶችንም ያጥፉ፤ ኬላ ላይ ስልክ የሚፈተሽበት ጊዜ ነው።

ወዲያው ተነስተው የሚወጡባቸው ነገሮችም አሉ። ባለሙያው የሌላ ታካሚ ታሪክ ለእርስዎ ካወራ፣ የእርስዎንም ለሌላ ያወራል። ገንዘብ ከተበደረ፣ ዕቃ ከሸጠልዎት፣ "በሦስት ቀን አድንሃለሁ" ካለ፣ ታሪክዎን ለቲክቶክ ካሰበው፣ ያለ ፈቃድዎ ከቀዳ፣ ከሥራው ውጭ ለብቻ ሊያገኝዎት ከፈለገ ይተዉት። በባለሙያና በታካሚ መካከል የፍቅርም ሆነ የፆታ ግንኙነት በምንም ሁኔታ አይፈቀድም፤ "አንቺ ፈቅደሽ ነው" የሚል ሰበብ አይሠራም። እንዲህ ያለው ነገር የሚከሰሰው ፈቃድ ለሰጠው ለጤና ቢሮ፣ ወንጀል ከሆነም ለፖሊስ ነው።

ሲጨርሱም ዝም ብሎ መቅረት አይመከርም። የመጨረሻ ቀጠሮ ይያዙ። እዚያ ላይ ባለሙያውና እርስዎ ሕመሙ ሲመለስ የሚታዩትን የመጀመሪያ ምልክቶች ትጽፋላችሁ፦ ለአንዱ እንቅልፍ ነው፣ ለአንዱ ከሰው መራቅ፣ ለአንዱ ቁጣ። ምልክቱን ሲያዩ የሚደውሉለት አንድ የቤተሰብ ሰው ስም በወረቀቱ ላይ ይግባ፤ ያ ሰውም ቀድሞ ይነገረው። ከስድስት ወር በኋላ አንድ ጊዜ ለመገናኘት ቀን መቁረጥም የተለመደ ነው።